ረከቦቱ ሥር የሚመለሰው እድፍ፦ ብቸና ውስጥ የአንድ ኪራይ ቤት ጉዳይ

ቤቱ ምሥራቅ ጎጃም፣ ብቸና ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ የሲሚንቶ ሊሾ ሲሆን ግቢው ውስጥ ሦስት ተከራዮች ይኖራሉ። ችግሩ የታየበት ሳሎን 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ነው። ሊሾው ላይ ወርዳቸው 2 ሜትር የሆነ ሁለት ቁራጭ የፕላስቲክ ምንጣፎች ከኋላ ግድግዳው ጋር አግድም ተነጥፈዋል። መጋጠሚያቸው የሚያርፈው ልክ ክፍሉ መሐል ላይ ነው። ከዚያ በላይ ተከራዮቹ ይዘውት የገቡት 2 በ3 ሜትር ስጋጃ አለ። ፀጉሩ ሰው ሠራሽ ነው፤ ጀርባው ግን የጆንያ ዓይነት ቃጫ፣ ነጋዴዎች ጁት የሚሉት ነው። ይህ የጀርባ ነገር ኋላ ላይ ዋና ሆኖ ይመጣል።

እድፉ መጀመሪያ የታየው ታኅሣሥ ላይ ነው። ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ የመዳፍ ያህል፣ ቀለሙ ቡናማ፣ ጠርዙ ከመሐሉ የጠቆረ። ያለበት ቦታ ደግሞ ለጥርጣሬ የተመቸ ነው፦ ረከቦቱ በየቀኑ የሚቀመጥበት። ስለዚህ አከራይዋ ሌላ ምክንያት አልፈለጉም።

«ልጄ፣ ጀበናሽን ቀስ አርገሽ አስቀምጪ። ስጋጃው የራስሽ ነው፣ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ግን የኔ ነው።»

«እትዬ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። እኔም ግራ ገብቶኛል።»

ተከራይዋ እስከ ጥምቀት ድረስ ሦስት ጊዜ በዱቄት ሳሙና አጠበችው። እርጥብ ሳለ የጠራ ይመስላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን በሳምንት ጊዜ ውስጥ ያው ቅርጽ፣ ያው ቦታ ላይ ይመጣል። ለጥምቀት ቤቱን ቆልፈው ወደ ቤተሰብ ሄዱ፤ ስድስት ቀን ቆይተው ሲመለሱ እድፉ እንደ አዲስ ወጥቶ ጠበቃቸው። በነዚያ ስድስት ቀናት እዚያ ቤት ቡና አልፈላም። ለተከራዮቹ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰላቸው፤ አከራይዋ ግን «የድሮው ቡና ከውስጥ እየወጣ ነው» አሉ። ንግግራቸው ለክርክር የተባለ ቢመስልም የሚሆን ነገር ነው።

የፈሰሰ ነገር ላይ ላዩ ሲታጠብ ቀሪው ወደ ስጋጃው ጀርባ ይወርዳል። ሲደርቅ ውሃው የሚተነው ከፀጉሩ ጫፍ ስለሆነ፣ ከታች ያለው እርጥበት ልክ ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ በፀጉሩ ሽቅብ ይሳባል፤ ያሟሟውንም ቀለም ይዞ ጫፉ ላይ ይተወዋል። ሁለተኛው መንገድ ቡና የማይፈልገው ነው። ጁት የእንጨት ዓይነት ቀለም በውስጡ አለው፤ ሲርስና ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይህ ቀለም ይሟሟና በዚያው መንገድ ወደ ላይ ይወጣል። የዱቄት ሳሙናና የሲሚንቶ ወለል ደግሞ ሁለቱም አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ናቸው፤ አልካላይን ይህን ቡናማ ቀለም ያባብሰዋል። እንግዲህ እያንዳንዱ እጥበት ለሁለቱም መንገዶች የሚያስፈልገውን ውሃ እየሰጠ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ቀለም ማውጫውን እየጨመረ ነበር። በደንብ ያልተለቃለቀ ሳሙና ፀጉሩ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ትቶ አቧራ ስለሚስብ፣ አራተኛው እድፍ ከመጀመሪያው የጠቆረው በዚህም ጭምር ነው።

ሁለቱን መንገዶች በቀለም መለየት አይቻልም። ቡናም የጁት ቀለምም በአቼቶ ይለቃሉ፤ ስለዚህ «አቼቶ ነካሁትና ለቀቀ፣ ቡና ነው» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። የጀርባው እድፍ ከላዩ መስፋቱም ብቻውን ምንም አይልም፤ ከላይ የፈሰሰም ጀርባው ላይ ደርሶ ይንጣለላል። የልጅ ሽንት ይሆን ተብሎ ሱቆች የሐሰት ብር የሚለዩበት ሐምራዊ መብራት ተውሰው ሌሊት አበሩበት፤ ስጋጃው ሙሉ በሙሉ አበራ። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ልብስ የሚያነጣ አብሪ ንጥረ ነገር ስላለ ሦስት ጊዜ በሳሙና የታጠበ ስጋጃ ላይ ይህ መብራት ከንቱ ነው። መታየት የነበረበት ከመታጠቡ በፊት ነው።

የሚለየው አንድ ቀላል ሥራ ነው፦ ስጋጃውን ማዞር። የታደፈው ጫፍ ወደ በሩ፣ ንጹሑ ጫፍ ወደ ረከቦቱ ቦታ እንዲሆን ተደረገ፤ ረከቦቱ ራሱ ወደ ሌላ ጥግ ተወሰደ። እድፉ ከስጋጃው ጋር ከተጓዘ ነገሩ ስጋጃው ውስጥ ነው። ወለሉ ያለበት ቦታ ላይ ንጹሑን ጫፍ ከያዘው ነገሩ ከወለሉ ነው። በ9ኛው ቀን ቡና ነክቶት የማያውቀው ጫፍ ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ፈዛዛ ቡናማ መስመር ወጣ። አከራይዋ ተጠርተው አዩት፤ ከዚያ በኋላ የቡና ነገር አልተነሣም።

ስጋጃው ሲነሣ እድፉ የፕላስቲኩ መጋጠሚያ ላይ ልክ የተጋደመ መሆኑ ታየ። መጋጠሚያው በሰፊ ፕላስተር የተለጠፈ ነበር፤ ዱካና ረከቦት ሲጎተትበት ግን 70 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ተላቋል። በተላቀቀው ልክ ሊሾው ላይ ነጭ ብናኝ አለ። አንድ ጠብታ ውሃ ሲነካው አብዛኛው ሟሟ፤ ሻጋታ ቢሆን ይጣበቅና ይለቀለቅ ነበር እንጂ አይሟሟም። በአቼቶ ደግሞ በትንሹ ተንተከተከ፤ ይህም የኖራ ዓይነት ጨው አብሮ እንዳለ ያሳያል። ጨው ከሲሚንቶ ውስጥ ይዞ የሚወጣው ውሃ ነው። ሶፋው ሲሳብ ደግሞ የኋላ ግድግዳው ቀለም ከወለሉ እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ተቋጥሮ ተገኘ።

ውሃው ታዲያ ከየት? ጊዜው በጋ ነው፤ ከኅዳር ወዲህ ዝናብ የለም፤ ኮርኒሱ ላይ ምልክት የለም። መጸዳጃው ከፊት ለፊት በኩል፣ በቂ ርቀት ላይ ነው፤ ሽታም የለም። ምስጥ የሚሠራው የጭቃ መንገድም አልታየም።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ወለሉ ሥር የተቀበረ ቧንቧ ነበር። የተለመደው ፍተሻ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን ማየት ነው፤ ለሁለት ሰዓት ቁጥሩም ትንሿ የምትሽከረከረው ኮከብም ካልተነቃነቁ የሚፈስ የለም ይባላል። አልተነቃነቁም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ መቆም አልነበረበትም። በዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በየ8 ቀኑ ገደማ፣ ያውም ሌሊት። መስመሩ ውስጥ ግፊት በሌለበት ቀን ቆጣሪ ማየት ባዶ ማሰሮ ያፈስ እንደሆነ ለማወቅ እንደ መሞከር ነው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አራት ዓምድ፦ ቀን፣ ውሃ የመጣበት ሌሊት፣ ስጋጃው የታጠበበት፣ እድፉ የታየበት። ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ውሃ አራት ጊዜ መጣ፤ ከአራቱም በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መጋጠሚያው ላይ ያለው ሊሾ ሲነካ ቀዘቀዘ፣ ጠቆረ። በመካከል ባሉት ቀናት ደረቀ። ስድስቱ የጥምቀት ቀናትም አንድ የውሃ ሌሊት ያዘሉ እንደነበሩ ጎረቤት አስታወሰ። ከተደረገው ፍተሻ ሁሉ ይበልጥ የረዳው ይህ ወረቀት ነው፤ ያስወጣውም እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ወለሉን በራሱ ለማስመስከር የፕላስቲክ ፍተሻ ተደረገ። አሠራሩ፦ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥርት ያለ ወፍራም ፕላስቲክ ንጹሕ ሊሾ ላይ ይዘረጋል፤ አራቱም ጠርዝ አየር በማያስገባ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆያል። ሲነሣ ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ውሃው ከመሬት ነው። ጤዛው ከላዩ ብቻ ከሆነ የክፍሉ አየር ነው። አንድ ስሕተት እዚህ ይደጋገማል፦ ምንጣፉን አንሥቶ ወዲያው ፕላስቲኩን መለጠፍ። ለወራት የታፈነ ወለል ላይ በዚያች ቅጽበት የተለጠፈ ሁሉ ያልበዋል። አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ሆኖ መተንፈስ አለበት። እዚህ ቤት ሦስት ቦታ ተለጠፈ፦ ከኋላ ግድግዳው ሥር፣ መሐል መጋጠሚያው ላይ፣ በሩ አጠገብ። ውሃ ባልመጣበት ሳምንት የኋላው ብቻ ትንሽ ጉም ያዘ። የውሃ ሌሊት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ሲደገም የኋላው ጠብታ አወረደ፣ የመሐሉ ሊሾ ጠቆረ፣ የበሩ ደረቅ ሆኖ ቀረ። አቅጣጫው ታወቀ፦ ከኋላ ወደ መሐል።

ቀጣዩ ሥራ በውሃው ሌሊት ነቅቶ ከኋላ መቆም ነው። ከኋላ ግድግዳውና ከአጥሩ መካከል አንድ ሜትር የማይሞላ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ማገዶና አሮጌ ቆርቆሮ ስለተደረደረበት ሰው አያልፍበትም። ከመተላለፊያው ጫፍ ላይ 1,000 ሊትር የሚይዝ የግቢው ሮቶ ቆሟል። የትርፍ ውሃ ማፍሰሻው ቱቦ ወደዚያ ጠባብ ቦታ ተጠምዝዟል፤ ምናልባት ግቢው እንዳይጨቀይ ታስቦ። ውሃው ከምሽቱ 3 ሰዓት መጣ። ሌሊት 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ ሮቶው ሞላ፤ ከዚያ በኋላ በትርፍ ቱቦው ያለማቋረጥ መውረድ ጀመረ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ተደቀነበት፤ በ4 ደቂቃ ሞላ። በደቂቃ 5 ሊትር ነው። እስከ ንጋት 11 ሰዓት ከ20 ድረስ፣ ለ5 ሰዓት ፈሰሰ፦ 1,500 ሊትር። ጧት ቆጣሪው የጨመረው 2.5 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ሮቶው የያዘው 1፣ ግድግዳው ሥር የገባው 1.5። ሒሳቡ ገጠመ።

ይህን ያህል ውሃ ሲፈስ ጧት የሚታይ ኩሬ ለምን አልነበረም? መልሱ አፈሩ ነው። መረሬ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸማቀቅና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ፣ ጥልቀቱም ከግማሽ ሜትር የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። ማገዶው ሲነሣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ የሄደ ስንጥቅ ተገኘ፤ ውሃው ወደዚያ እየወረደ ከመሠረቱ ድንጋይ ሥር ይጠፋ ነበር። በክረምት ቢሆን ስንጥቁ ስለሚዘጋ ውሃው ላይ ላዩን ሄዶ በታየ ነበር። እንዲያውም የበጋ እድፍ በመሆኑ ነው ያደናገረው።

ሥር የገባው ውሃ ድንጋዩን አልፎ ኮንክሪቱን ያገኛል። ከኮንክሪቱ ሥር እርጥበት የሚከለክል ፕላስቲክ አልተነጠፈም፤ ብዙ የኪራይ ቤቶች የላቸውም። ሲሚንቶ እንደ ስፖንጅ ውሃን ሽቅብ ይስባል፤ ከላይ ግን የፕላስቲክ ምንጣፍ ከድኖታል። እርጥበቱ መውጫ ያገኘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ የግድግዳው ጥግ፣ ሶፋው የሸፈነው፤ እና የተላቀቀው መጋጠሚያ፣ ስጋጃው የተኛበት። ለዚህ ነው ምንጩ 2 ሜትር ርቆ ሳለ እድፉ መሐል ቤት፣ ረከቦቱ ሥር የወጣው።

ሮቶው ለምን አልዘጋም የሚለው አጭር ነው። መግቢያው ላይ ያለው ባለ ኳስ ተንሳፋፊ መዝጊያ ተፈትቶ ሲታይ ኳሱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ከብዷል፤ ሲያንቀጫቅጩት ይሰማል። የመዝጊያው ጎማም በደለል ተበልቷል። ቀን ቢሆን አንድ ሰው ሲፈስ ባየና በጮኸ ነበር።

ጥገናው የተጀመረው ከውጭ ነው፤ ከውስጥ መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ የግቢው ሰው «ትርፍ ቱቦውን በጨርቅ እንድፈነው» አለ። ይህ አይደረግም፦ መዝጊያው ዳግም ቢበላሽ ውሃው በክዳኑ ይገነፍላል፣ ያው ግድግዳ ላይ ይወርዳል። የተደረገው ይህ ነው። አዲስ ግማሽ ኢንች ተንሳፋፊ መዝጊያ ተገጠመ፤ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን የሚባለው ስስ ጥብጣብ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ 10 ያህል ዙር ተጠምጥሞ። ክንዱ ታጥፎ ውሃው ከትርፍ ቀዳዳው 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲዘጋ ተደረገ፤ ኳሱን በእጅ ከፍ በማድረግ ሙሉ በሙሉ መዝጋቱ ታየ። ትርፍ ቱቦው ከመግቢያው በሚሰፋ፣ ባለ 1 ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ 6 ሜትር ተቀጥሎ ወደ መንገዱ ቦይ ወጣ፤ ቁልቁለቱ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር። ጫፉ በግልጽ እንዲታይ ሆነ፤ ከእንግዲህ ሲፈስ መንገደኛ ሁሉ ያያል።

ግድግዳው ሥር የተከመረው አመድና አፈር ተጠርጎ መሬቱ ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደረገ። ስንጥቁ ውስጥ ሲሚንቶ አልተጨመረም፤ አፈሩ ሲያብጥ ሰባብሮት ይወጣል፣ አልፎም መሠረቱን ይገፋል። ይልቅ ቀይ አፈር 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር እየተደለደለ ትንሽ እየረጠበ ተጠቀጠቀ። በላዩ ርዝመቱ 5.5 ሜትር፣ ወርዱ 70፣ ውፍረቱ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮንክሪት ተሞላ። ቁልቁለቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ 2 ከረጢት ሲሚንቶ በቃ፤ ለአንድ ከረጢት 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሳጥን 2 አሸዋ፣ 4 ጠጠር። ከግድግዳው ጋር አልተጣበቀም፤ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተትቶ በሬንጅ ተሞላ፤ በየ1.5 ሜትሩም መቁረጫ፣ ማለትም ስንጥቁ የሚከተለው መስመር፣ ተደረገለት። ጥቁር አፈር ላይ ኮንክሪት መሰንጠቁ አይቀርም፤ ቁም ነገሩ የት እንደሚሰነጠቅ መምረጥ ነው።

ወለሉ መድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። ኮንክሪት በወር 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርቃል ተብሎ በልምድ ይታሰባል፤ ስለዚህ ምንጣፉን በሳምንት መልሶ ማንጠፍ አያዋጣም። እዚህ 5 ሳምንት ክፍት ተተወ፤ ቀን መስኮትና በር ተከፍቶ። ተከራዮቹ ከሰል አንድደው በሩን ዘግተው ሊያደርቁት አስበው ነበር፤ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል፣ ለማድረቅም ቢሆን የሚረዳው ነፋስ ነው። በ5ኛው ሳምንት፣ ሁለት የውሃ ሌሊቶች ካለፉ በኋላ፣ የፕላስቲክ ፍተሻው ሦስቱም ቦታ ላይ ደረቅ ወጣ። ምንጣፉ ሲመለስ ከኋላ ግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አጥሮ ተነጠፈ፤ ወለሉ እዚያ ይተነፍሳል። ሊሾውን ቆፍሮ ፕላስቲክ አንጥፎ እንደገና መሥራትም ታስቦ ነበር፤ ለአንድ የውሃ መዝጊያ ጥፋት ያን ያህል ወጪ ምክንያት የለውም።

ስጋጃው መጨረሻ ላይ ተጸዳ፤ ምንጩ ሳይዘጋ መንካቱ ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ ውጭ ተሰቅሎ ተራገፈ፤ ከዚያ 1 እጅ ነጭ አቼቶ በ3 እጅ ውሃ ተበጠበጠ። ጥግ ላይ ጠብ ተደርጎ 10 ደቂቃ ቆይቶ በነጭ ጨርቅ ተጫነ፤ የስጋጃው የራሱ ቀለም አለመልቀቁ ታየ። እድፉ ከዳር ወደ መሐል፣ ሳይፈተግ፣ ጀርባውን ሳያርስ፣ በጨርቅ እየተጫነ ተነካ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ተጠርጎ፣ በደረቅ ጨርቅ ተመጥጦ፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ነፋስ ላይ በዚያው ቀን ደረቀ። ሁለት ዙር ፈጀ፤ ጠርዙ ላይ የጥላ ያህል ቀርቷል። በረኪና አልተነካም። ጁቱን ይበላዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አቼቶ ባለበት ላይ በረኪና ከፈሰሰ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ብዙ ቤት ሁለቱን አንድ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል።

ክፍያው ላይ ክርክር አልነበረም ማለት አይቻልም፤ የዞረው ስጋጃ፣ የተለጠፈው ወረቀትና የጀሪካኑ ሒሳብ ስለነበሩ ግን አጠረ። መዝጊያውን፣ ቱቦውን፣ ሲሚንቶውንና የግንበኛውን አከራይዋ ቻሉ፤ ተከራዮቹ ማገዶውን አነሡ፣ ምንጣፉን ራሳቸው አንሥተው መለሱ። የተበላው የስጋጃ ጀርባ ሳይካስ ቀረ። ሳይጠበቅ የተፈታው ደግሞ የውሃ ሒሳብ ነው። ግቢው ለሦስት ተካፍሎ የሚከፍለው ከኅዳር ጀምሮ ሲያሻቅብ ልብስ ማጠብ ታበዛለች የተባለች አንዲት ተከራይ ነበረች።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ በበረታበት ሳምንት፣ ፕላስቲኩ እንደገና ተለጠፈ። ከኋላ ግድግዳው ሥር ስስ ጉም ያዘ፤ መጋጠሚያው ደረቅ ነበር። ኮንክሪቱም ከመቁረጫዎቹ በአንዱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል፤ በሬንጅ ተሞላች። ረከቦቱ ወደ ቦታው ተመልሷል።